ለበረሮ የታኘከ ቂጣ

ቀጥቃጩ ግራ እጄን ድንጋይ ላይ አስተኝቶ ብረቱን ሲገጥምብኝ ቀና ብሎ እንኳ አላየኝም። ሥራው ነው፤ አልቀየምኩትም። የሰንሰለቱ ርዝመት ክንድ ተኩል ይሆናል። በሌላው ጫፍ የአንድ ሽማግሌ ቀኝ እጅ ታስሯል። ከዚያ ሰዓት ጀምሮ እኔና እሳቸው ቁራኛ ሆንን፤ እሳቸው ሲነሡ እነሣለሁ፣ እኔ ለሽንት ስወጣ እሳቸውም ይወጣሉ።

የተያዝኩት በጽሕፈቴ ነው። ደብረ ታቦር አጠገብ ባለ አንድ ደብር ዲያቆን ነበርኩ፤ ዳዊት እየጻፍኩ እተዳደር ነበር። አንድ ባላባት መጥቶ ደብዳቤ ጻፍልኝ አለኝ፣ ጻፍኩለት። ደብዳቤው በንጉሡ ላይ ለሸፈተ አንድ መኮንን የተላከ ሰላምታ ነው፤ እንዴት ሰነበትክ፣ እኔ ደኅና ነኝ፣ ከዚህ ሌላ ምንም የለበትም። መልእክተኛው መንገድ ላይ ተያዘ። ባላባቱ ማኅተሙን አላሳረፈበትም ነበር። የኔ ፊደል ግን በአካባቢው የታወቀ ነው፤ ያየ ካህን ሁሉ የማን እንደሆነ ይናገራል፣ ተናገሩም። አመፄ ይህን ያህል ነው።

እስር ቤቱ በንጉሡ ሰፈር ዳር ያለ ክብ የድንጋይ ቤት ነው፣ ክዳኑ ሳር። ከእኛ ሌላ ሦስት ጥንድ እስረኞች አሉበት። በስተጀርባ በኩል ለጭፍራ ዳቦ የሚጋገርበት ቤት ተለጥፎበታል፤ ያ ግድግዳ ሁልጊዜ ይሞቃል። ወሩ ጥር ነበር፤ ከጉና የሚወርደው ነፋስ አጥንት ይገባል። ሙቁን ግድግዳ ለእኛ ትተውልን ሌሎቹ በብርዱ በኩል መተኛታቸው ገርሞኝ ነበር። ጀርባዬን እንዳስደገፍኩ ምክንያቱን አወቅኩት። ከግድግዳው ስንጥቅ በረሮ ይፈላል። አንዱ በአንገቴ ሥር ሲያልፍ ዘልዬ ስነሣ ሽማግሌውን አብሬ ጎተትኳቸው።

«ቀስ በል እንጂ ዲያቆን፤ አይናከስም» አሉኝ። በዚያ ቀን ከአፋቸው የወጣው ይህ ብቻ ነው።

ከጉና ሥር የመጡ ገበሬ ናቸው፤ ገብስ ያርሳሉ፣ በግ ያረባሉ። ትከሻቸው ሰፊ ነው፣ ሥጋቸው ግን አልቆ ነጠላቸው እንጨት ላይ የተሰቀለ ይመስላል። የተሰጣቸውን ቂጣ አጠገባቸው ያስቀምጡታል እንጂ አይነኩትም። በመጀመሪያው ቀን ታመዋል አልኩ። በሦስተኛው ቀን ጠየቅኳቸው።

«አባቴ፣ ጾም ነው እንዴ?»

«ነው።»

«የምን ጾም? ሁዳዴ ሊገባ ገና ሁለት ሳምንት ይቀረዋል።»

«የራሴ ነው።»

ቀስ በቀስ ነገሩኝ። አንድ ልጃቸው ሸፍቶ ጫካ ገብቷል። አባትን የያዙት ልጁ እጁን ሰጥቶ እስኪገባላቸው ነው። ከገባ አባት ይፈታል፣ የልጁ ቀኝ እጅ ይቆረጣል። ይህ በጊዜው የማይታወቅ ነገር አልነበረም፤ በገበያ ቀን እጅ የሌለው ሰው ማየት ለምደን ነበር። ልጁ ደግሞ አባቱ ታስረው እሱ ተደብቆ የሚኖር ዓይነት አይደለም፤ ዛሬ ነገ እያለ ልቡ ሁለት ሆኗል።

«እኔ ከሞትኩ ለማን ብሎ ይመጣል?» አሉኝ። በግ ስንት እንደሚያወጣ የሚነግሩኝ ነው የሚመስለው፤ ድምፃቸው ከፍም ዝቅም አላለም።

ራስን መግደል ኃጢአት መሆኑን ከነጥቅሱ ነገርኳቸው። ያኔ ጥቅስ ይቀናኝ ነበር። እስክጨርስ አዳምጠው፣ «አልታነቅኩም፤ አልበላ አልኩ እንጂ» አሉኝና ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። እኔም ሰንሰለቱ ሲስበኝ አብሬ ዞርኩ።

እዚህ ላይ እውነቱን ልናገር፣ አሁን ማንን እፈራለሁ። ያስጨነቀኝ የሽማግሌው ነፍስ አልነበረም። ከሌሎቹ እስረኞች አንዱ፣ እኔ ከመምጣቴ በፊት ቁራኛው ሞቶበት ሁለት ቀን ሙሉ ከሬሳ ጋር ታስሮ ቆይቷል። ቀጥቃጩ ከጦሩ ጋር ዘምቶ ስለነበር ብረቱን የሚፈታ አልተገኘም። ሰውዬው ይህን ሲነግረኝ አንጓውን እያሸ ነበር። ከዚያ በኋላ ሽማግሌው በተኙ ቁጥር ይተነፍሱ እንደሆነ ደረታቸውን አያለሁ። ሬሳ ፈራሁ። ነገሩ ይኸው ነው።

ቅዳሜ ቅዳሜ ሴት ልጃቸው አገልግል ይዛ ከጉና ትወርዳለች። የገብስ ቂጣ፣ ቆሎ፣ ብረቱ የላጠውን አንጓ የሚቀቡት ትንሽ ቅቤ። ዘቦቹ በር ላይ ያቆሟትና አገልግሉን ተቀብለው ያለፈውን ሳምንት ይመልሱላታል። የተመለሰላትን ከፍታ ስታየው ቂጣው እንዳለ ነው። አታለቅስም፤ ክዳኑን መልሳ ገጥማ፣ አዝላው ትሄዳለች። አባትየው በሩን አያዩም።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ ሽማግሌው ያልነኩትን ቂጣ አንድ በረሮ ከጠርዙ ይቀማምሰው ነበር። እሳቸው ጎንበስ ብለው ያዩታል። ሁለቱን ቀጫጭን ቀንዶቹን ያወዛውዛል፣ ይበላል፣ ያርፋል፣ እንደገና ይበላል።

«አበላሉ እንደ በግ ነው፤ ከዳር ከዳር» አሉ ለራሳቸው።

ሳምንት ሙሉ ስለ ምንም ነገር ግድ ሲላቸው አላየሁም ነበር። እኔም ያን ጊዜ አንገቱ የተሰበረ የውሃ ቅሌን አነሣሁና በረሮ ማርባት ጀመርኩ። ሰው የሚያየው ነገር ካለው አይሞትም ብዬ ይሆናል።

አጀማመሬ የሚያስቅ ነው። በኦሪቱ የሚርመሰመስ ሁሉ ርኩስ ስለሆነ በእጄ አልነካም ብዬ በገለባ እየገፋሁ ሰባት በረሮ ቅል ውስጥ ከተትኩ። እንዳይወጡ አፉን በእርጥብ ጨርቅ ጠቀጠቅኩት። በማግስቱ አራቱ ሞተዋል፣ ቅሉም ይሸታል።

«አፈንካቸው» አሉ ሽማግሌው። ሌላ አልጨመሩም።

ሌሎች ያዝኩና አፉን ክፍት ተውኩት። ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ጋደም ባልንበት ሁሉም ወጥተው ፊቴ ላይ ተራመዱ። እጄን እያርገበገብኩ ስነሣ ሰንሰለቱ ሲንቀጠቀጥ ተሰማኝ። ዞር ብዬ ባይ ሽማግሌው ይስቃሉ። ድምፅ የለውም፤ ትከሻቸው ብቻ ይንቀጠቀጣል።

«አምጣው ወዲህ» አሉኝ።

በግራ እጃቸው ለአንጓቸው ከመጣው ቅቤ በጣታቸው ቆረሱና የቅሉን አፍ ከውስጥ በኩል ዙሪያውን ቀቡት። «እዚህ ላይ እግሩ አይቆምም፤ ይንሸራተታል። ክፍት ተወው፣ ይተንፍስ።» ከዚያ ከታች ደረቅ ገለባ አስደረጉኝ። የተሰበረ ሸክላ ለምኜ ሁለት ስባሪ አገኘሁ፣ እሱን ዘንበል አድርገን አስገባንላቸው። «ጥግ የሌለው ከብት አይረጋም» አሉ። ቅሉንም ሙቁ ግድግዳ ላይ አስደገፉት፤ እንዳይግል ግን አንድ ስንዝር አራቁት። ሌላ ስምንት በረሮ ያዝን። የያዙት እሳቸው ናቸው፣ በባዶ እጃቸው። አንዳቸውም አልወጡም።

ረቡዕ ዕለት ፍርፋሪ ሳልሰጣቸው ረፈደ።

«ምነው አታበላም?» አሉኝ።

«ረቡዕ ነው። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ይቆዩ።»

ትክ ብለው አዩኝ። «በረሮ ተጠምቋል እንዴ?»

አፈርኩ። እንግዲህ ምን ላድርግ፤ ከልጅነቴ ጀምሮ በኔ እጅ ረቡዕ ጠዋት እህል የቀመሰ ነገር የለም፣ እጄ እንቢ ብሎኝ ነው። ሌላ ቀን ደግሞ አንዱን ነጭ ሆኖ አገኘሁት፤ ወተት ነው። አማተብኩ። ለምጽ ነው፣ ሌሎቹን ሳያስይዝ ልጣለው ብዬ ገለባዬን ስሰድ ክንዴን በሰንሰለቱ ሳብ አደረጉት።

«ተው። ልብሱን ጥሎ ነው። ቆይ ይጠቁራል።»

ፀሐይ ሳትጠልቅ ጠቆረ። አሮጌ ቆዳውን ራሱ በላው። ሽማግሌው እንደዚያ ዓይነት ከብት ቢኖረኝ ጉና ላይ ማን ይቀድመኝ ነበር አሉ።

የቂጣው ነገር ግን አስቸገረን። የገብስ ቂጣ አንድ ቀን ካደረ ድንጋይ ነው፣ ትንንሾቹ አይችሉትም። ውሃ ደግሞ ለአራት ጥንድ እስረኛ በቀን አንድ እንስራ ነው፤ ለበረሮ አጠፋሁ ብል ሌሎቹ ይገድሉኛል። ሽማግሌው ቂጣውን አገላብጠው አዩትና፣ «እናቱ የሞተችበትን ግልገል እኔ ቆሎ እያኘክሁ ነው ያሳደግሁት» አሉ። ትንሽ ቆረሱና አፋቸው ውስጥ ጨመሩ። ቀስ ብለው አኘኩ። አውጥተው በጣታቸው ጫፍ ሸክላው ላይ አስቀመጡላቸው። ከሸክላው ሥር ቀንዶች ብቅ ብቅ አሉ።

በየቀኑ ጠዋት እንዲህ ሆነ። ያኝካሉ፣ ይሰጣሉ፣ ቅሉን ያዩታል። ሁዳዴ ገባ። በአንደኛው ሳምንት ማለቂያ ላይ፣ ሦስት ሰዓት ግድም ይሆናል፣ ሲያኝኩ ጉሮሮአቸው ሲንቀሳቀስ አየሁ። ዋጡ። ቀና ብለው አዩኝ። ዲያቆን ነኝ፤ የጾም መፍቻ ሰዓት እንዳልደረሰ መናገር ነበረብኝ። ገለባ አነሣሁና ቅሉን የማጸዳ መሰልኩ። በማግስቱ ሁለቴ ዋጡ። ሌላ ሳምንት ሲጨመር ግማሹ ቂጣ ለበረሮ፣ ግማሹ ለሳቸው ሆነ። ስለዚህ ነገር አንድም ቃል አልተነጋገርንም።

ቅዳሜ ልጅቱ መጣች። ዘቡ የመለሰላትን አገልግል ስትከፍት ባዶ ነው። ክዳኑን ይዛ ቆመች። ከዚያ መሬቱን ሳመች፣ እዚያው በሩ ላይ፣ ዘቦቹ ፊት። እኔ በጣም ደስ አለኝ፤ አልዋሽም። ቁራኛዬ አይሞትም።

ባዶውን አገልግል ያየችው እሷ ብቻ አይደለችም። የዘቦቹ አለቃ ፊቱ ላይ የፈንጣጣ ጠባሳ ያለበት፣ ረጋ ብሎ የሚናገር ሰው ነው፤ ጮኾ አያውቅም። ሰኞ ጠዋት ሽማግሌው ጀርባቸውን ሰጥተው ጋደም እንዳሉ መጣና አጠገቤ ቁጢጥ አለ።

«ያበላሃቸው አንተ ነህ አሉ።»

የቅሉን ገለባ ማስተካከል ጀመርኩ።

«ጎበዝ። ሊሞቱብን ነበር እኮ። የሞተ ሰው ምን ያደርግልናል?» አለ ዝቅ ብሎ። «ለልጁ መልእክት ልኬለታለሁ፤ አባትህ ድነዋል፣ እህል ይቀምሳሉ፣ እስከ ደብረ ዘይት ካልገባህ ግን ነገሩ ሌላ ነው ብዬዋለሁ። ይመጣል።»

ከጋቢው ሥር አንድ ትኩስ ዳቦ አውጥቶ ጭኔ ላይ አኖረልኝና ሄደ። ከግድግዳው ማዶ የሚጋገረው የጭፍራ ዳቦ ነው፤ ሽታውን ለወር ያህል ስንምገው ከርመናል። ሁዳዴ ነው፣ ሰዓቱ ገና ነው። ግማሹን እዚያው በላሁት። ግማሹን ሽማግሌው ሲነሡ ሰጠኋቸው። ከየት መጣ አላሉኝም። ለበረሮዎቹ ጥቂት ቆርሰው፣ የቀረውን በሉ።

አልነገርኳቸውም። ማክሰኞ ልነግራቸው አፌን ከፈትኩ፣ «ቅቤው እያለቀ ነው» ብዬ ዘጋሁት። ረቡዕ፣ ሐሙስ፣ እንዲሁ። ብነግራቸው አፋቸውን መልሰው እንደሚዘጉ አውቅ ነበር፤ ይህን ጊዜ ደግሞ የሚከፍትላቸው በረሮ አይኖርም። ሌት ተቀን ከአንድ ክንድ ተኩል ሳይርቁ አጠገቤ የነበሩ ሰው ናቸው፤ ለዘጠኝ ቀን ደበቅኳቸው።

በዐሥረኛው ቀን ጠዋት አለቃው ከቀጥቃጩ ጋር ገባ።

«ተነሡ አባት፤ ምሕረት ተደርጎልዎታል። ልጅዎ ትናንት ከነጋሻው ገብቷል።»

ሽማግሌው አልተነሡም። ቀጥቃጩ ድንጋዩን አስጠጋና የሳቸውን አንጓ አስተኝቶ መምታት ጀመረ። በያንዳንዱ ምት የኔም ክንድ ይዘላል። በመዶሻው ድምፅ መሀል ጎንበስ ብዬ ተናገርኩ።

«አባቴ፣ መልእክት መላኩን አውቅ ነበር። ዳቦውን የሰጠኝ ቀን ነግሮኛል። ደበቅኩዎት።»

«ዳቦው ሲመጣ ገብቶኛል» አሉ፣ ብረቱን እያዩ። «ለእስረኛ ትኩስ ዳቦ ለጽድቅ ብሎ የሚሰጥ ማነው?»

«ታዲያ ለምን…»

«መተው አቃተኝ። ጠዋት ጠዋት ይርበኝ ጀምሮ ነበር።» ክንዳቸውን ድንጋዩ ላይ አመቻቹና፣ «ባንተ አላሳብብም» አሉ።

ብረቱ ተከፈተ። በደንቡ መሠረት ምሕረት የተደረገለት ሰው ወደ ንጉሡ ድንኳን አቅጣጫ ዞሮ እጅ ይነሣል። አለቃው በሩን ለቆ አቅጣጫውን በእጁ አሳያቸው።

«ቆዩኝ» አሉ ሽማግሌው።

ቅሉን ወደ ጭናቸው ሳቡት። ከቂጣው ቆረሱና አፋቸው ውስጥ ጨምረው ማኘክ ጀመሩ። ቀጥቃጩ መዶሻውን አንጠልጥሎ ቆሟል። አለቃው በር ላይ ነው። ሌሎቹ እስረኞች ያያሉ። ሽማግሌው እንደ ሁልጊዜው ቀስ ብለው ያኝካሉ፤ ጥርሳቸው ጥቂት ነው፣ ጊዜ ይወስዳል።

«ምን እየሠሩ ነው?» አለ አለቃው።

አፋቸው ሙሉ ስለሆነ አልመለሱለትም። አኝከው ጨረሱና በጣታቸው አውጥተው ሸክላው ላይ አኖሩት፣ ሁሉንም። ጉሮሮአቸውን እያየሁ ነበር። አልዋጡም። የቅሉን አፍ በአውራ ጣታቸው ዞሩት፣ ቅቤው የሳሳበትን ቦታ መልሰው ቀቡ፣ ለኔ አቀበሉኝ። «ከብት ሳያበላ ከቤት የሚወጣ የለም» አሉት አለቃውን፣ ያን ጊዜ ነው የመለሱለት። ተነሡ፣ ነጠላቸውን አጣፉ፣ እጅ ሳይነሡ በአጠገቡ አልፈው ወጡ። አለቃው ወደ ድንኳኑ በኩል ዘርግቶት የነበረውን እጁን መለሰ እንጂ አላስገደዳቸውም።

እኔ ከፋሲካ በኋላ ተፈታሁ። የንጉሡ ሰፈር ወደ ሌላ አገር ሲነሣ ስለ ደብዳቤዬ የሚያስብ ሰው ጠፋ፤ ዝም ብለው ለቀቁኝ። ቅሉን ሙቁን ግድግዳ ለተረከቡት ሁለት እስረኞች ተውኩላቸው፣ ቅቤውን እንዴት እንደሚቀቡም አሳየኋቸው። አንደኛው አብዷል ብሎ ሳቀብኝ።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ ለተዝካር ተጠርቼ በበቅሎ በጉና ሥር ሳልፍ የሽማግሌውን መንደር ጠየቅኩ። ከመንገዱ ከፍ ብሎ ባለ ገብስ ማሳ ላይ ያርሳሉ። በዚያ ዕድሜያቸው እርፉን የያዙት እሳቸው ናቸው። ልጃቸው በበሬዎቹ ጎን እየሄደ በግራ እጁ ጅራፍ ያጮሃል፤ ቀኙ ከአንጓው በታች የለም። ጥሩ ያርሱ ነበር፤ ትልሙ ቀጥ ያለ ነው። በቅሎዬን ከድንጋይ ካብ ጀርባ አቁሜ በሬዎቹን እስኪፈቱ ቆየሁ። ለምሳ ተቀመጡ። አባትየው ቂጣ ቆርሰው በልጁ በኩል አኖሩለት፤ ከዚያ ራሳቸው በሉ፣ ደኅና አድርገው በሉ። ሰላም ሳልላቸው ቁልቁል ወረድኩ።

አሁን አርጅቻለሁ፣ እጄም ይንቀጠቀጣል፣ ዳዊት የሚያጽፈኝ የለም። ይህን ነገር የሰማ ሰው አንድ ሽማግሌ ከሞት አዳንክ ይለኛል። ያን ቤትና ያን ሰንሰለት መልሰው ቢሰጡኝ፣ እንደገና አበላቸዋለሁ፤ ራሴን ስለማውቀው ነው እንዲህ የምለው። ወደዚያ ማሳ ወጥቼ ልጁን እንዴት ዋልክ ለማለት ግን በየትኛው ዓይኔ አየዋለሁ።